የመርከብ ስምና ክላስ ነገር፦ ባንድ ስም ሦስት መርከብ አገኘሁ፣ የኔ የትኛዋ ናት?

የቡሬው ባለወፍጮ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች እንዴት ሰነበታችሁ። ከቡሬ ነው ምጽፈው። እኔና አማቼ ተጋግዘን ከቻይና አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የበቆሎ መፈልፈያና የወፍጮ እቃ አስጭነናል፣ እቃ ከውጭ ስናስመጣ ይሄ የመጀመሪያችን ነው። ሻጩ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ሚባለውን የጭነት ወረቀት በቴሌግራም ላከልን፣ እላዩ ላይ ኤምቪ ይልና የመርከቧ ስም አለ ከስሩ ደግሞ ቮዬጅ ብሎ የጉዞ ቁጥር። የሰፈር ልጅ መርከብ በስልክ ካርታ ላይ መከታተል እንደሚቻል ነገረኝና አፕ ጫነልኝ፣ ስሟን ስጽፍ ወዲያው መጣች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ስራችን እሷን ማየት ሆነ፣ አባቴ ሳይቀር መነጽሩን አድርጎ ዛሬስ የት ደረሰች ይለኛል።

ከዛ ለ11 ቀን አንድ ቦታ ቆማ ቀረች። ካርታውን ሳሰፋው የቆመችው ብራዚል ዳር ነው። ከቻይና ጅቡቲ ለመምጣት በብራዚል ምን አስኬዳት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፣ ያለንን ብር በሙሉ ያፈሰስንበት እቃ ነው ከፊሉም ብድር ነው። ትራንዚተሩ ጋ ስደውል መርከብ ይዘገያል ታገስ ብሎ ዘጋው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተነስቼ እንደገና ስፈልግ ለካ በዛ ስም ሦስት መርከብ አለ፣ አንዷ ዓሣ አጥማጅ ናት፣ አንዷ እኔ ስከተላት የከረምኩት ነዳጅ ጫኝ ናት፣ ሦስተኛዋ ጭነት መርከብ ነች ይላል ግን ያለችበት ቦታ ከታየ አራት ቀን አልፎታል።

እና እስቲ ሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ። ሁለት መኪና ባንድ ታርጋ አይሄድም፣ ሦስት መርከብ እንዴት ባንድ ስም ይሄዳል? ስሙን ማነው ሚያወጣው? ኤምቪ ሚለውስ የስሟ አካል ነው ወይ? ደግሞ የኢንሹራንስ ሰውዬው መርከቧ ክላስ አላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ እንደ አውቶብስ አንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ደረጃ ማለቱ መስሎኝ አላቅም አልኩት፣ አፑ ላይ ደግሞ ክላስ ሚለው ቦታ ላይ ካርጎ ይላል፣ ሌላ ቦታ ስፈልግ ክላስ ማለት የእህትማማች መርከቦች ስም ነው ይላል፣ ሦስቱም ይለያያሉ ግራ ገባኝ። አባቴ ልጅነቱ ቁንዝላ ነው ጣና ዳር፣ ደንገል እያጨደ ታንኳ ሲሰራ ነው ያደገው፣ እሱ ሚለው ታንኳ ስም የለውም የባለቤቱ ስም ነው ሚጠራበት የእገሌ ታንኳ ይባላል በቃ፣ መርከብ ስም ካላት ክርስትና ያነሳት ማነው ብሎ ጠይቅልኝ ብሎኛል። አደራ መልሱልኝ።

ማሪን የዳንግላው፦

ወንድሜ መጀመሪያ ተረጋጋ እቃህ ብራዚል አይደለም። እኔ ባሕር ዳር ማሪን ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን መርከብ ላይ ሦስተኛ መሀንዲስ ነኝ፣ ለእረፍት ዳንግላ ቤተሰብ ጋ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ ዘርዘር አርጌ ልጻፍልህ።

የመርከብ ስም ሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል እኛ ጋ፣ ባሕር ላይ ግን ካምፓኒው ነው ሚያወጣው። ያንድ አገር መዝገብ ሁለት መርከብ ባንድ ስም ብዙውን ጊዜ አይመዘግብም፣ ግን ፓናማ አንድ፣ ላይቤሪያ አንድ፣ ግሪክ አንድ ቢመዘገቡ ከልካይ የለም፣ ሦስት ያገኘኸው ለዛ ነው፣ እንደውም ሦስት ትንሽ ነው። ኤምቪ ስም አይደለም፣ ሞተር ቬሰል ማለት ነው፣ በሞተር ምትሄድ ማለት ብቻ። ነዳጅ ጫኝ ከሆነች ኤምቲ ይሏታል ሞተር ታንከር፣ ድሮ በእንፋሎት ሚሄዱት ኤስኤስ ነበሩ። ያው አቶ፣ ወይዘሮ፣ ቄስ እንደምንለው በለው፣ መታወቂያ ላይ ሚገባው ስም ግን ከሱ በኋላ ያለው ነው። አንተ የተከተልካት ፊት ለፊቷ ኤምቲ ቢጽፍልህ ኖሮ ወዲያው ታውቅ ነበር፣ አፖቹ ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ነው ሚያሳዩት።

አሁን ዋናው ነገር። ታርጋ ያልከው አለ፣ ስሙ ግን አይደለም። አይኤምኦ ቁጥር ይባላል፣ ሰባት አሃዝ ነው። ለንደን ያለው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. አወጣው ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፣ 100 ግሮስ ቶን (የመርከብ መጠን መለኪያ ነው) እና ከዛ በላይ የሆኑ መንገደኛ መርከቦች፣ 300 እና ከዛ በላይ የሆኑ ጭነት መርከቦች ሁሉ አላቸው። መርከቧ ስትሰራ ይሰጣታል ከዛ ተቆራርጣ ብረቷ እስኪሸጥ አይለወጥም፣ ባለቤት ቢቀየር ባንዲራ ቢቀየር ስም አስር ጊዜ ቢቀየር ቁጥሩ ያው ነው። ከኋላዋ ወይ ከጎኗ ቁመቱ ከ20 ሳንቲም በማያንስ ፊደል በብየዳ ይጻፋል ውስጥም ሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ አለ።

ስለ ስም መቀየር አንድ ነገር ልንገርህ። መርከብ ላይ ስም ከፊት በግራና በቀኝ ይጻፋል፣ ከኋላ ደግሞ ስሟና ከስሩ የተመዘገበችበት ከተማ ይጻፋል። ፊደሉ ቀለም ብቻ አይደለም፣ ቀለሙ በዝገት በማዕበል ስለሚጠፋ የያንዳንዱን ፊደል ዙሪያ በብየዳ ያወጡትና በዛ መስመር ውስጥ ቀለም ይቀባል። ስም ሲቀየር ብየዳውን በግራይንደር ይፈጩታል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እኔ መጀመሪያ የተሳፈርኩባት መርከብ ላይ ወደብ ቆመን ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታት ካሁኑ ስም ስር ሌላ ስም፣ ከሱ ስር ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ስም እንደ ጠባሳ ሆኖ ይታይ ነበር። ቆሜ አንብቤዋለሁ። በሦስቱም ስም ቁጥሯ ግን አንድ ነበር።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ደግሞ ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ፣ ወረቀት አውጣ። ለምሳሌ 9074729 ቢሆን፣ ሰባተኛዋን አሃዝ ተዋትና የመጀመሪያዋን በ7፣ ቀጣዩዋን በ6፣ ከዛ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዛ። 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21፣ 4 ይመጣል፣ ስትደምረው 139። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 9 ነው፣ የቁጥሩም የመጨረሻ አሃዝ 9 ነው፣ ከገጠመ በትክክል ተጽፏል ማለት ነው። ሰው አንድ አሃዝ ተሳስቶ ከጻፈልህ ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ሻጩን ወይ የመርከብ ካምፓኒውን አይኤምኦ ቁጥር ስጡኝ በላቸው እና አፑ ላይ በሱ ፈልግ።

ደግሞ ይሄን እንዳትረሳ፣ ከቻይና የተነሳችው መርከብ ጅቡቲ ድረስ ራሷ ላትመጣ ትችላለች፣ መሀል ወደብ ላይ ኮንቴነርህ ወርዶ ሌላ መርከብ ላይ ሊጫን ይችላል። ስለዚ ከመርከቧ ይልቅ የኮንቴነሩን ቁጥር ያዝ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ አለ፣ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፣ ካምፓኒው ድረገጽ ላይ አስገባው። አራት ቀን አልታየችም ያልከው አያስደንግጥህ፣ መርከብ ቦታዋን በሬዲዮ ነው ምታሰራጨው፣ ውቅያኖስ መሀል ስትሆን የብስ ላይ ያለው ተቀባይ አይደርሳትም፣ ነፃው አፕ ደግሞ የሳተላይቱን አያሳይም።

ሎጂስቲክስ 4ኛ ዓመት፦

ማሪን በደንብ መልሶታል እኔ ክላስ ላይ ልጨምር። አፑ ላይ ካርጎ ሚለው የመርከቧ ዓይነት ነው፣ ምን ትጭናለች ለማለት። ኮንቴነር ምትጭን፣ እህልና ማዳበሪያ ሲሚንቶ እንደፈሰሰ ምትጭን ባልክ ምትባለው፣ ታንከር፣ መኪና በራሱ ጎማ ገብቶባት ሚወጣባት ሮሮ፣ እና ሁሉንም ቀላቅላ ምትጭን ጀነራል ካርጎ። ሌላው በመጠን ነው፣ መጠኑ ደግሞ በምታልፍበት ቦይ ይሰየማል። ፓናማክስ ሲባል በድሮው የፓናማ ቦይ በር ማለፍ ምትችል ትልቋ ማለት ነው፣ ስፋቷ 32.31 ሜትር፣ ርዝመቷ 294 ሜትር ገደማ፣ ከዛ በላይ ከሆነ በሩ አያስገባትም። በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ ሰፊ በር ሲከፈት ኒዮ ፓናማክስ ሚል ስም መጣ። ስዌዝማክስ በስዌዝ፣ ድሮ በሁለቱም ቦይ አላልፍ ብላ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞራ ትሄድ የነበረችው ኬፕሳይዝ። በር ነው ስም ሚሰጣቸው ማለት ይቻላል።

ስም ላይ ደግሞ በ2021 ስዌዝ ቦይን ለስድስት ቀን የዘጋችውን መርከብ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ኤቨርግሪን ነበር ሚላት ምክንያቱም ጎኗ ላይ በትልቁ የተጻፈው እሱ ነው። እሱ ግን የካምፓኒው ስም ነው፣ እሷ ኤቨር ጊቭን ናት፣ ስሟ ከፊት በትንሹ ነው የተጻፈው፣ የካምፓኒው መርከቦች ኤቨር ብለው ስለሚጀምሩ ነው። ከኋላዋ ፓናማ ይላል፣ ፓናማ ናት ማለት ግን አይደለም ባለቤቷ ጃፓን ነው። ታይታኒክም እንደዛ ነው፣ የካምፓኒው መርከቦች ስማቸው ኢክ ብሎ ያልቅ ነበር፣ ኦሊምፒክ፣ ታይታኒክ፣ ብሪታኒክ ሦስቱ እህትማማች ናቸው፣ መጀመሪያ የተሰራችው ኦሊምፒክ ስለሆነች ሦስቱም ኦሊምፒክ ክላስ ይባላሉ። አንተ የእህትማማች ስም ነው ሚል ያነበብከው ይሄ ነው።

ባሕር የሌለው አገር መርከብ ይኑረው ወይ ብሎ ሚጠይቅ ካለ ደግሞ በ1921 ባርሴሎና ላይ ተፈቅዷል፣ የስዊዘርላንድ መርከቦች ከኋላቸው ባዝል ነው ሚጻፍባቸው፣ ባዝል የወንዝ ከተማ ናት።

መጠን ላይ ግሮስ ቶኔጅ ሚባል ታገኛለህ እሱ የመርከቧ ክብደት ነው፣ ዴድዌት ደግሞ የጭነቱ ነው።

ማሪን የዳንግላው፦

በደንብ ነው ያስረዳኸው ወንድሜ ግን የመጨረሻዋ ላይ ላርምህ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ግሮስ ቶኔጅ ክብደት አይደለም። ቶን ይባላል እንጂ ይዘት ነው፣ የመርከቧ ውስጥ ዝግ ቦታ ሁሉ ምን ያህል ነው ሚለውን ነው ሚለካው። ቃሉ ራሱ ድሮ እንግሊዝ አገር መርከብ ስንት የወይን በርሜል ትይዛለች ተብሎ ቀረጥ ከሚሰላበት የመጣ ነው። ዓለም ሁሉ ባንድ አለካክ የተስማማው በ1969 ስምምነት ነው በ1982 ስራ ላይ ዋለ።

ባገራችን ነገር ልንገራችሁ። ጎተራ አለ፣ ጋሪ አለ። ጎተራው ምን ያህል ሰፊ ነው ስትል ግሮስ ቶኔጅ ነው፣ ባዶ ቢሆንም ሙሉ ቢሆንም ስፋቱ ያው ነው። ጋሪው ስንት ኩንታል ይችላል ስትል ደግሞ ዴድዌት ነው፣ እህሉም፣ ነዳጁም፣ የመጠጥ ውሃውም፣ ሰራተኛውም ከነሻንጣው የሚቆጠርበት። የኛ አገር መርከቦች 28 ሺህ ቶን ይጭናሉ ሲባል ዴድዌት ነው፣ 280 ሺህ ኩንታል በለው። የወደብ ክፍያ ብዙ ጊዜ በግሮስ ቶኔጅ ይሰላል፣ ጭነት ግን በዴድዌት ይወሰናል። ሁለቱን ቀላቅሎ ሂሳብ ሚሰራ ሰው ይከስራል።

አሁን ኢንሹራንሱ ክላስ አላት ወይ ያለህ ሦስተኛው ነገር ነው፣ ካሁኖቹ ከሁለቱም ይለያል፣ ላንተ በጣም ሚያስፈልግህ እሱ ነው። መርከቧን ገለልተኛ ሆኖ ሚመረምር ድርጅት አለ፣ ከስዕሏ ጀምሮ ብረቷን፣ ሞተሯን፣ መሪዋን እያየ በደንቤ መሰረት ተሰርታለች ይዛለች ብሎ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ክላስ ውስጥ ናት ሚባለው ይሄን ስትይዝ ነው። በየዓመቱ ያያታል በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ከውሃ ወጥታ በደንብ ትፈተሻለች። እኔ ለዚህ ፍተሻ ሞተር ክፍል ሳዘጋጅ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አውቃለሁ፣ መርማሪው የብረቱን ውፍረት በመሳሪያ እየነካ ነው ሚለካው፣ ቀለም ቀብተህ አታታልለውም።

የጀመረውም ደስ ይላል። ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ሎይድ ሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው በ1680ዎቹ፣ የመርከብ ባለቤትና ነጋዴ ኢንሹራንስ ሰጪም እዛ ቡና እየጠጡ የቷ መርከብ ደህና ናት የቷ በስብሳለች እያሉ ወሬ ይለዋወጡ ነበር። በ1760 ከዛ ቡና ቤት ሰዎች ማኅበር ተቋቋመ፣ ሎይድስ ሬጂስተር፣ እና የመርከቧን አካል ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ እያሉ ደረጃ ሰጡት፣ ገመድና መልህቋን ለብቻ። ቆይቶ ፊደልና ቁጥር ሆነና ኤ1 ሚባለው መጣ፣ አንደኛ ማለት። የዘጌ ቡና ሲቀርብ እኛም ቁጭ ብለን ስለ በሬና ስለ መሬት ምናወራው ወሬ ተጽፎ ቢቀመጥ ያው እንደዛ ነበር ሚሆነው እላለሁ ሁሌ። አሁን ፈረንሳይ ያለው ቢሮ ቬሪታስ አለ በ1828 የተቋቋመ፣ አሜሪካ፣ ኖርዌይ፣ ጃፓን፣ ቻይናም የራሳቸው አላቸው።

ወደብ ሄደህ በዓይንህ ማየት ትችላለህ። መርከቧ ጎን መሀሏ ላይ አንድ ክብ አለ፣ መሀሉን አግድም መስመር ያቋርጠዋል፣ ከክቡ ግራና ቀኝ ሁለት ፊደል አለ፣ ኤልና አር ከሆነ ሎይድስ ሬጂስተር ነው፣ ቢና ቪ ከሆነ ቢሮ ቬሪታስ ነው። ያ መስመር ከዚህ በላይ አትጫን ሚል ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ሳሙኤል ፕሊምሶል ሚባል የፓርላማ ሰው ባለቤቶች ከልክ በላይ ጭነው መርከበኛ እያሰመጡ ስለነበር ተሟግቶ በ1876 ሕግ አስወጣበት። ያን ክብ ባየሁ ቁጥር ስንት ሰው ሞቶበት እንደተጻፈ አስባለሁ።

የደብረ ማርቆስ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበር ምጽዋ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ከኔ ጋ ነው ዓይኑ ስለደከመ አነበብኩለት፣ ስለ ክላስ ሲሰማ ተነስቶ ተቀመጠ። ያለውን ልጻፍላችሁ።

ኢትዮጵያ ሚባል የጦር መርከብ ነበረን። አሜሪካኖች ነበሩ የሰጡን በ1962 እ.ኤ.አ.፣ እነሱ ጋ እያለች ስሟ ኦርካ ነበር፣ በ1942 ነው ውሃ ላይ የወረደችው። አሜሪካኖች ያን ጊዜ ለስም ሕግ ነበራቸው ይላል፣ ትላልቆቹን የጦር መርከቦች በክፍለ ሀገር፣ ክሩዘር ሚባሉትን በከተማ፣ ዲስትሮየር በጀግና ሰው፣ ሰርጓጅን በዓሣ ስም ይጠሩ ነበር። የኛ ግን ውሃ ላይ ሚያርፍ አውሮፕላን ምታገለግል ስለነበረች ያ ዓይነቷ በባሕር ሰላጤ ስም ነው ሚጠራው፣ ኦርካ አላስካ ያለ ሰላጤ ነው። የዚያ ዓይነት መርከቦች ሁሉ ባርኔጋት ክላስ ይባሉ ነበር ባርኔጋት የመጀመሪያዋ ስለሆነች። አሜሪካ እያለች ዓይነቷን ሚያሳይ ኤቪፒ ሚል ፊደልና 49 ሚል ቁጥር ነበራት፣ እኛ ጋ ስትመጣ ግን ኤ 01 ሆነች። አባቴ እንዲህ ነው ያለኝ፣ ስሟን ቀየርን ቁጥሯን ቀየርን ባንዲራዋን ቀየርን፣ ክላሷን ግን መቀየር አንችልም፣ እሱ ከአጥንቷ ነው። ዝገት በመዶሻ እያራገፈ ሙሉ ቀን ቀለም ሲቀባት እንደዋለ ይናገራል፣ እጁ ላይ ያለው ምልክት ከዛ ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይሄን ሲናገር ዝም ይላል ትንሽ።

የንግድ መርከቦቻችን ስምም ዘመኑን ያሳያል ብሏል። የንግድ መርከብ ድርጅታችን በ1964 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መጀመሪያ ከመጡት ውስጥ ንግሥተ ሳባና የይሁዳ አንበሳ ነበሩ። ደርግ ሲመጣ አብዮት፣ ነበልባል፣ አንድነት ሆነ፣ አባይ ወንዝ ሚባልም ነበር። ከዛ ደግሞ ከቻይና ዘጠኝ አዳዲስ ሲሰሩ በከተማ ስም ወጣላቸው፣ ሁለቱ ታንከሮች ባሕር ዳርና ሐዋሳ ነበሩ። አባቴ በዚህ ደስ ይለዋል፣ ስሙ የሚጣል አይደለም፣ ከተማ አይሻርም ይላል።

ለአባትህ ደግሞ እንዲህ በላቸው ብሎኛል፦ መርከብ ክርስትና ምታነሳዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ አዲሷ መርከብ ወደ ውሃ ልትወርድ ስትል ወይን ጠርሙስ አፍንጫዋ ላይ ሰብራ ስሟን ትጠራላታለች፣ የመርከቧ የክርስትና እናት ትባላለች። ስም መቀየርም ገድ የለውም ብለው ሚፈሩ ብዙ መርከበኞች አሉ።

የባሕር ዳሯ፦

እኔ የጎርጎራ መንገድ ላይ ያደግኩ ነኝ ማለት ጣናን በጀልባ ስመላለስ። ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በየብስ በትሬለር ተጭና ስትመጣ ሰው ፌስቡክ ላይ መርከብ ናት ጀልባ ናት ብሎ ሲጨቃጨቅ ነበር፣ እስቲ ማሪን ይሄንንም ንገረን። እኔ ስሟን ነው ምወደው። ጣና ነሽ፣ ልክ እንደ ወርቅነሽ እንደ ዓለምነሽ ለሴት ልጅ እንደሚወጣ ስም ነው። እንግሊዞች መርከብን እሷ ይላሉ ይባላል፣ እኛም እኮ መርከቧ ነው ምንለው፣ ማንም ሳያስተምረን። ሁለት ሚለው ደግሞ ፊተኛዋ ጣናነሽ ስለነበረች ነው፣ እንደ ልጅ ስም ነው እኮ ያያቱ ስም እንደሚወጣለት።

ማሪን የዳንግላው፦

እታለም ስለ ስሙ ያልሽው ልክ ነው እኔም አላሰብኩትም ነበር። መርከብ ወይስ ጀልባ ለሚለው ቁርጥ ያለ ዓለም አቀፍ ሕግ የለውም። እኛ ጋ ስልጠና ላይ ሚሉን መርከብ ጀልባ ትጭናለች ጀልባ ግን መርከብ አትጭንም ነው፣ ሰርጓጆች ደግሞ ምንም ትልቅ ቢሆኑ መርከበኞቹ ጀልባ ነው ሚሏቸው። ስለዚ ጣናነሽ ሁለትን መርከብ ብትሏት አልተሳሳታችሁም። ደግሞ ጣና ጨው የለበትም፣ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ማንኛዋም መርከብ ከባሕሩ ይልቅ ዝቅ ብላ ነው ምትቀመጥ፣ የመጫኛው ክብ አጠገብ ያሉት መስመሮች ውስጥ የጨው አልባ ውሃ መስመር ለብቻው አለ፣ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የደብረ ማርቆሷ እህቴ አባትሽን እግራቸውን ሳሚልኝ። ክላሷ ከአጥንቷ ነው ያሉት በጣም ትክክል ነው፣ መጽሐፍ ላይ እንደዚህ አድርጎ የጻፈልኝ የለም።

የቡሬው ባለወፍጮ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ለሻጩ አይኤምኦ ቁጥር ስጠኝ ብዬ ጻፍኩለት፣ ዛሬ ጠዋት ላከልኝ። አባቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ አሃዙን እየጠራሁ እሱ እያባዛ ደመርን፣ 142 መጣ፣ የቁጥሩ መጨረሻ ደግሞ 2 ነው። ገጠመ። አባቴ ሁለት ጊዜ ነው የደመረው።

አፑ ላይ በቁጥሩ ስፈልግ አንድ መርከብ ብቻ መጣ፣ ኮንቴነር መርከብ ናት፣ ባንዲራዋ ላይቤሪያ፣ ሲሪላንካ ዳር ሆና ወደ ምዕራብ እየመጣች ነው። ስትሰራ ሌላ ስም ነበራት ያሁኑ ሁለተኛዋ ነው ይላል። የኮንቴነሩን ቁጥር ካምፓኒው ድረገጽ ላይ ሳስገባው ደግሞ ማሪን እንዳልከው ዱባይ ጀበል አሊ ወደብ ላይ ወርዶ በሌላ መርከብ ነው ጅቡቲ ሚደርሰው፣ ያችን ሁለተኛዋን ስሟን ገና አልጻፉትም። ታዲያ ኢንሹራንሱ ክላስ ሲል የቷን ነው ሚጠይቀው፣ የመጀመሪያዋን ወይስ ሁለተኛዋን?

ማሪን የዳንግላው፦

ሁለቱንም። የመጀመሪያዋን ቁጥሯንና የክላስ ድርጅቷን ስም አሁኑኑ ስጠው፣ አፑ ላይ ካላገኘኸው ካምፓኒውን በኢሜይል ጠይቅ ይነግሩሃል፣ የተሰራችበትንም ዓመት ጨምር ዕድሜዋን ማየታቸው አይቀርም። ሁለተኛዋ ስትታወቅ ከመጫኗ በፊት የሷን ላክለት፣ የላክበትን መልእክት እንዳታጠፋው ያዘው። ጀበል አሊ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ይቆማል፣ በዛ መሀል ካርታው ላይ ምንም ባይንቀሳቀስ እንዳትደነግጥ፣ ለአባትህም አስቀድመህ ንገራቸው።